በሸሪፍ መጽሐፍ ላይ የሰጠሁት አስተያየት

ጥቅምት 6 ቀን 1975፣ ቅዳሜ፣ ደብረ ብርሃን

የሸሪፍ መጽሐፍ ወጣ። ዛሬ ከአዲስ አበባው አውቶቡስ በጆንያ ተሸክሞ አወረደውና ቤቱ እንኳ ሳይገባ ወደ ንባብ ክበባችን ይዞት መጣ። ክበብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል፤ የቀበሌው አዳራሽ ጓዳ ናት። ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከሚያነበው ይልቅ የሚያስነጥሰው የሚበዛ ሰው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ያነበበው ሰው አስተያየቱን በአንድ ወረቀት ጽፎ፣ ስሙን ከሥሩ አኑሮ፣ በሩ አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። የከተማው ሰው ቆሞ ያነባል። መጽሐፉን የማያነብ እንኳ ሰሌዳውን ያነባል።

ሸሪፍ እንደ እኔ አስተማሪ ነው፤ እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ አማርኛ። የአሊዩ አምባ ልጅ ነው። እናቱ እትዬ ዙቤዳ ዛሬም እዚያው ገበያ ጨው ይሸጣሉ። ይህን ልብ ወለድ ለዓመታት ሲጽፍ አንዲት ገጽ አላሳየኝም። «ሲታተም እንደ ሰው ታነቢዋለሽ» እያለ ይሸሸኝ ነበር። ዛሬ የጆንያውን አፍ ፈትቶ የላይኛውን ለእኔ ሰጠኝ። «ከአፋፉ በታች» ይላል ሽፋኑ። ቀለሙ ገና እጅ ላይ ይወጣል።

«ሌላው ሰው እንደፈለገ ይጻፍ» አለኝ። «አንቺ ግን እንዳታባብይኝ። ወላሂ፣ አንቺ ጥሩ ነው ካላልሽ ጥሩ መሆኑን አላምንም።»

ዘርአ ዳዊት ሰምቶ ሳቀ። የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ያላመሰገነው መጽሐፍ የለም። አምና የዶሮ እርባታ መመሪያ ቢመጣ «ልብ አንጠልጣይ» ብሎ ለጥፎበታል። ስለዚህ የእሱን አስተያየት ሰው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። የእኔን ግን ቆሞ ያነባል። ይህን ስጽፍ ትንሽ እንደምኮራ አይጠፋኝም።

ጥቅምት 8፣ ሰኞ

ጊዜ የለም። የተማሪ ወረቀት ክምር። በምሳ ሰዓት ምዕራፍ ሦስትን ጀመርኩ፤ ደወሉን አልሰማሁም። ተማሪዎቹ መጥተው ጠሩኝ።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ

ጨረስኩት። ተናድጃለሁ።

ምዕራፍ ሦስት ገበያው ነው። አንዲት ጨው ሻጭ አለች። ከደጋ ገብስ ጭኖ ከወረደ ገበሬ ጋር ስትከራከር ጋቢው እርጥብ መሆኑን ታያለች። ዋጋውን ትታ ስለ ጋቢው ትቆጣዋለች፤ ሚስት የለህም ወይ ትለዋለች። ከዚያ ዋጋውን ሳትቀንስ አንድ እፍኝ ጨው ምርቃት ትጨምርለትና «ይሄ ላንተ አይደለም፣ ለሚስትህ ነው፤ ብትበላው ይታወቅብሃል» ትለዋለች። ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። እትዬ ዙቤዳን አንድ ቀን ብቻ ነው ያገኘኋቸው፤ ግን እሳቸው ናቸው፣ ድምፃቸው ሳይቀር።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ እየደረቀ ይሄዳል። በመጨረሻው ምዕራፍ ያቺው ሴት ስብሰባ ላይ ቆማ ረጅም ንግግር ታደርጋለች። አንዲት ቃል እንኳ የእሷ አይደለችም። ከሬዲዮ የወረደ ነው። ያን የሚያህል ምላስ ያላት ሴትዮ አፏን ተቀምታ ቁጭ አለች።

ዘርአ ዳዊት ቢሆን ምዕራፍ ሦስትን አሞግሶ ሌላውን ይዘለው ነበር። እኔ ግን የየኔታ ወልደአረጋይ ልጅ ነኝ። አባቴ አንኮበር ቅኔ ያስተምራሉ። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት አትቀመጥም፤ ግን የጓዳችን ግድግዳና የቅኔ ቤቱ ግድግዳ አንድ ስለነበር ጥጥ እየፈተልኩ ሁሉን ሰምቻለሁ። ተማሪው ቀን ሜዳ ላይ ቅኔ ሲቆጥር፣ የራሱን ሲያበጅ ይውልና ሲመሽ ለየኔታ ይነግራል። ተስፋ የሌለው ሲነግር አባቴ «እሺ፣ ሌላ» ይላሉ፤ አለቀ። ተስፋ ያለውን ግን በጓደኞቹ ፊት ቤት እንደሚያፈርስ ሰው ከጣሪያው ጀምረው ያፈርሱታል። የሚያለቅሰው የታለፈው ነበር። የፈረሰው ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ እየሳቀ ይበላል፤ የኔታ ጊዜያቸውን አጥፍተውበታላ።

ሸሪፍን «እሺ፣ ሌላ» ልለው አልችልም።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ለጠፍኩ።

ከጻፍኩት ውስጥ የምወደው ይህን ነው፦ «ደራሲው ገበያውን በራሱ ዓይን አይቶ ጽፎታል፤ መጨረሻውን በሰው ዓይን። የመጨረሻውን ምዕራፍ ደራሲው ራሱ አያምንበትም። ያላመነበትን እኛ እንድናምንለት መጠየቅ ድፍረት ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ነው የጻፍኳት፣ እስክትስማማኝ።

ሸሪፍ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ አነበበ። ከኋላው ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሳቀ። ሸሪፍ ዞሮ «አላህ ይስጥሽ» አለኝና ሻይ ሳይጠጣ ወጣ።

«እህቴ፣ ልጁን እኮ ገደልሽው» አለኝ ዘርአ ዳዊት።

«በማር የምትገድለው አንተ ነህ» አልኩት።

መልሴ ጥሩ ነበር። ቤት ስደርስ ግን ጥሩ መልስ መመለሴን የምነግረው ሰው አልነበረም።

ጥቅምት 23፣ ማክሰኞ

ከወረቀቴ ግርጌ በእርሳስ ተጽፎበታል። «ግመል ነጂን ከብዕር ምን አገናኘው» ይላል። ከሥሩ በሌላ እጅ፦ «ጨውን ይሽጥ»። ስም የለውም። እኔ ስሜን ጽፌአለሁ፤ እነሱ እኔ በከፈትኩት በር ነው የገቡት። ላጲስ አልያዝኩም ነበር። ሰዓቴም ደርሶ ነበር። ነገ አጠፋዋለሁ ብዬ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ።

የመምህራን ክፍል በር ላይ ስደርስ አንድ ድምፅ «ባል ያጣች ሴት መጽሐፍ ታኝካለች» ሲል ሰማሁ። ስገባ ሁሉም ስለ ባቄላና ስለ ውርጭ ያወሩ ጀመር። ባቄላው ዘንድሮ በጣም ተጎድቷል አሉ። አዎ፣ ተጎድቷል አልኩ።

ጥቅምት 24፣ ረቡዕ

ላጲስ ይዤ ሄድኩ። ሸሪፍ ቀድሞኝ አይቶታል። እስከ ግርጌው አንብቦ፣ በጥፍሩ ሊፍቀው ሞክሮ ተወው አለኝ ዘርአ ዳዊት።

ያንን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። የቆየውም አንድ ቀን ብቻ ነው።

ኅዳር 1፣ ረቡዕ

እማማ አልታየች፣ ያከራዩኝ ሴትዮ፣ ዛሬ እንጨት ሲፈልጡ ቀና ብለው «ያ የቆላው ልጅ ምነው እግሩ ቀረ?» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ሥራ የበዛበት ሰው በደጄ አልፎ ሱቅ ይመላለሳል?» አሉና ወደ እንጨታቸው ተመለሱ።

ሸሪፍ ረቡዕ ረቡዕ ይመጣ ነበር። እኔ ደብተር ሳርም እሱ ጠረጴዛው ዳር ወረቀት ዘርግቶ ይጽፋል። አሊዩ አምባ ሲወርድ እናቱ የሚሉትን ሁሉ እንዳፋቸው እየጻፈ ያመጣል፤ የገበያ ጠቡን፣ ተረቱን፣ የድሮውን የጨው መንገድ። ለሁለተኛው መጽሐፉ ነው። በሲባጎ አስሮ ነው የሚይዘው። ልብ ወለዱን ቢደብቀኝም ያንን ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር። እኔ ቀና አልልም፤ ደብተሩን እያረምኩ ነው የምሰማው። እሱም እንደማልሰማ እያወቀ ያነብ ነበር። ልክ አይደለም፤ እንደምሰማ እያወቀ ነው።

ለእሱ ብዬ አይደለም ረቡዕን የማስበው። ሰው ሲለምድ እንደዚያ ነው።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

ጓድ ወርቅአገኘሁ ወደ ክበቡ መጣ። የባህል ጉዳይ ኃላፊ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አስተያየቴን በታይፕ አስገልብጦታል። አንድ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል።

«እንደ እርስዎ ያለ የሰላ ብዕር የለንም» አለኝ። «እዚህ ጋ ግን ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልገናል። መጨረሻው ምዕራፍ ስለ ለውጡ ድል ነው። ደራሲው አያምንበትም ብለዋል። በምኑ ነው የማያምነው?»

«ስለ አጻጻፉ ነው የተናገርኩት።»

«አጻጻፍና አቋም ይለያያል ብለው ነው የሚያስተምሩት?»

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ኅዳር 25፣ ሰፊ ስብሰባ አለ። ማብራሪያዬን አስፍቼ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ሲወጣ «ጥርጣሬዎ ከእኛ ቀድሞ ነው የተገኘው፤ ይመሰገናሉ» አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔው ደግሞ የአፍ እንኳ አይደለም፤ ሦስቴ አስተካክዬ የጻፍኩት ነው።

ኅዳር 12፣ እሑድ፣ አንኮበር

ትናንት በአውቶቡስ መጣሁ። ዛሬ ሚካኤልን አንግሠን ዋልን። አባቴ አርጅተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን የተሳሳተ ዜማ አያሳልፍም። ከቅዳሴ በኋላ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ሁሉን ነገርኳቸው።

«አፈረስሽው?» አሉኝ።

«ተስፋ ስላለው ነው፣ አባቴ። እርስዎም ተስፋ ያለውን አይደል የሚያፈርሱት?»

«ካፈረስሁት በኋላስ ምን አደርጋለሁ?»

አላውቅም ነበር። ያኔ እናቴ እንድተኛ ትጠራኝ ነበር።

«ሌሎቹን አሰናብቼ እሱን ካጠገቤ አስቀምጠዋለሁ» አሉ። «ያፈረስሁትን እሱና እኔ ሆነን ከመሠረቱ እንሠራዋለን። ወፍ ሲንጫጫ የምንነሣበት ቀን አለ። ልጄ፣ አንቺ የሰማሽው ጩኸቱን ነው። ሹክሹክታው በግድግዳ አያልፍም።»

ጥላው ስለደረሰባቸው ወደ ፀሐዩ አስጠጋኋቸው።

«ደግሞስ ያ ልጅ ቅኔ ቤት ውሏል? ያልዋለ ሰው በአደባባይ ሲያፈርሱት መፍረሱን ብቻ ነው የሚያውቅ። ሂጂና ካጠገቡ ተቀመጪ።»

ከሰዓት በኋላ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ብቻዬን ሄድኩ። አሊዩ አምባ ከታች በጭጋጉ ውስጥ ትታያለች፣ ጣራ ጣራዋ ብቻ። ወርጄ እትዬ ዙቤዳን ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ። ምን ብዬ? ልጅዎን ያስጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ግን ምዕራፍ ሦስት ላይ እርስዎን በጣም ወድጄዎታለሁ? ቁልቁለቱን ጀምሬ ተመለስኩ።

ኅዳር 17፣ ዓርብ

ሸሪፍ ከማስተማር ታገደ። ጉዳዩ እስኪጣራ ነው አሉ።

ክፍሉን ለሌላ ሰጡት። ተማሪዎቹ ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁኝ። ታሞ ነው አልኩ። አንዱ «እርስዎ ጽፈውበት ነው ይባላል» አለኝ። አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸመው።

ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ኅዳር 19፣ እሑድ

ወደ ደብረ ሲና የሚወርዱ መኪናዎች የሚቆሙበት ሻይ ቤት አገኘሁት። ሾፌሮቹ ጥግ ነው የተቀመጠው። ጢሙን አልተላጨም። ልነሣ ነው ብሎ እንዳይሄድብኝ ሳልጠይቀው ተቀመጥኩ።

ይቅርታ ብዬ ለመጀመር አስቤ ነበር። «እኔ ስለ አጻጻፉ ነበር…» ብዬ ጀመርኩ።

«ወለተሐና» አለኝ። «መጥፎ ነው ብትይኝ እሺ። እኔ የቱ ጥሩ የቱ መጥፎ እንደሆነ አይገባኝም፤ የሚገባሽ አንቺ ነሽ። ግን አያምንበትም አልሽ። አምኜበት ነበር እኮ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። እማ በስብሰባ መሐል ቆማ ስትናገር፣ ሰው ሁሉ ሲያደምጣት ታየኝ። በሕይወቷ ተሰብስቦ ያዳመጣት ሰው የለም። አምኜበት ነው ያላማረው።»

ይህ በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ሲጻፍ የደረቀ ሁሉ በውሸት የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። የምፈርደው በገጹ ሆኖ ሳለ በልቡ ላይ ፈረድኩ፤ ስለ ልቡ ማን ጠየቀኝ?

«ካባረሩኝ» አለ፣ «አሊዩ አምባ እወርዳለሁ። ጨው እሸጣለሁ። እንዳሉት።»

የሻዩን ልክፈል ብል እምቢ አለ።

ኅዳር 22፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ይሉት ተረት የእንግዳ ተረት ነው። ባገሩ፣ በቤቱ፣ በሥራው ላይ ያለ ሰው የት ይደር?

አስተያየቴ እውነት ነው? ገጹ ደረቅ ነው፤ ይህ እውነት ነው። አያምንበትም ያልኩት ውሸት ነው። ቅዳሜ ይህችን ብቻ ለይቼ እናገራለሁ። ሌላ አልጨምርም።

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ለመጽሐፍ ያን ያህል ሰው መጥቶ አያውቅም። ሸሪፍን ከፊት ለብቻው አስቀምጠውታል።

ተነሣሁና ያሰብኩትን ተናገርኩ። ደራሲው አያምንበትም ያልኩት ስሕተቴ ነው፤ ደራሲው ያምንበታል፤ አጻጻፉ ብቻ ነው ያልተሳካለት አልኩ።

ጓድ ወርቅአገኘሁ በትሕትና እጁን አነሣ። «በእናቱ ገበያ ያምናል፣ ተሳክቶለታል። በለውጡም ያምናል፣ አልተሳካለትም። ያመነበት ከሆነ ለምን አልተሳካለትም፣ ጓድ ወለተሐና?»

ሸሪፍ ጫማውን እያየ ነበር። አንገቱ ላይ የሸሚዙ ኮሌታ ተበልቷል።

«እንዲያውም ተሳክቶለታል» አልኩ።

ከዚያ ቀጠልኩ። ምዕራፉን ደግሜ አነበብኩት አልኩ። ሴትዮዋ የራሷን ቃል ትታ የሕዝቡን ቃል መያዟ የደራሲው ጥበብ ነው አልኩ። ከገበያ ወደ አዳራሽ መውጣቷ ነው አልኩ። መጀመሪያ ሳነብ እኔው ከገበያው ስላልወጣሁ ነው አልኩ። ሰው ሳቀ፣ በፍቅር። ለውሸት የሚሆን ይህን ያህል ማስረጃ እንዳለ አላውቅም ነበር። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል፤ ለእውነቱ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረችኝ።

አጨበጨቡ። ጓድ ወርቅአገኘሁም አጨበጨበ። ይህ ንግግር ተጽፎ ለአዲስ አበባው ጋዜጣ ይላክ አለ። ሸሪፍ ሰኞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ዳነ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። አንድ ጊዜ ዋሸሁ፤ ሰው ለማዳን ነው፤ ይህን አባቴም ይፈቱኛል።

ኅዳር 26፣ እሑድ

መጣ!

ደብተር ላይ ነበርኩ። እማማ አልታየች ከውጭ «ኧረ ልጄ፣ ሥራው ቀለለት መሰለኝ!» ብለው ጮኹ። ሸሪፍ በሩ ላይ ቆመ። ተላጭቷል። ግባ ብዬው አልገባም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ትናንት ያልሽው ለእኔ ብለሽ ነው?»

ፊቱን አየሁት። ለአንተ ብዬ ነው ብዬ ብነግረው አመስግኖኝ፣ ደረቱን በእጁ ነክቶ፣ በመጣበት ይመለሳል። ውለታ የዋልንለት ሰው እንደዚያ ነው፤ ያከብረናል፣ አይቀመጥም። ደግሞስ እንደዚያ ተጎድቶ ሳለ ያንን መጨመር ደግነት ነው? አባቴ ካጠገቡ ተቀመጪ ብለውኛል።

«አይደለም» አልኩት። «እውነቴን ነው። ደግሜ ሳነበው ነው የገባኝ።»

«ወላሂ በይ።»

«እኔ ለማንም ብዬ ጥሩ ያልሆነ ነገር ጥሩ ነው ስል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ፤ ፊቱ ሁሉ ተፈታ። «እሱን ነው ለራሴ ስለው ያደርኩት። አንቺ አትዋሺም።»

ገባ። ሻይ አፈላሁ። ስኳር አልጨመርኩለትም ነበር፤ ሳያስተውል ጠጣው። ሲመሽ ሄደ። ስለ ገበያው አልተነሣም።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ንግግሬ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ከነስሜ። ዘርአ ዳዊት ቆርጦ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። ግርጌው ላይ ገና ከሰዓት በፊት በእርሳስ ተጽፎበት አገኘሁት፦ «ወለተሐናም ዘርአ ዳዊት ሆነች»።

እሱ ራሱ አጠገቤ ቆሞ አነበበው። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ምነው፣ ይህን ያህል ስድብ ነው?» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ልቡ መነካቱ ታየኝ። እኔ ግን ያዘንኩት ለራሴ ነው፤ ለሌላ ሰው ልቅሶ መጥቼ በራሴ ሐዘን ያለቀስኩ መሰለኝ።

ላጲስ ይዤ ነበር። አላጠፋሁትም።

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ

አዲስ መጽሐፍ መጥቷል። አስተያየት ለጠፍኩ። ሁለት ሰዎች መጡ፣ ስሜን ከሥር አዩ፣ ቀጥለው የመጽሐፉን ሽፋን አዩ፣ ሄዱ። ማንም ቆሞ አላነበበም። ጥሩ ነበር የጻፍኩት። ልክ ነበር የጻፍኩት።

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ሸሪፍ መጣ። ረቡዕ ተመልሷል። ደብተር አረምኩ፣ እሱ ጻፈ። በጣም ይፈጥናል፤ እንደ ድሮው ቆም ብሎ ጣራ አያይም፣ ለብቻው አይስቅም። ምን እየጻፍክ ነው ብዬ ብጠይቀው «ቆይ፣ ትወጂዋለሽ» አለኝ።

አሊዩ አምባ ወርዶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ባለፈው ሳምንት ወርዶ ነበር። እናቱ ደረታቸውን አሟቸው ተኝተው ነው ያገኛቸው። «እስኪ ጻፍ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ» ብለውት ነበር። እርሳስ አልያዝኩም አልኳት አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ።

መናገር አለብኝ። ከገና በፊት እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 27፣ ረቡዕ

ውርጩ የውኃውን በርሜል አፍ ዘግቶት አደረ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር፤ ግን የደብረ ብርሃን ፀሐይ ለዓይን እንጂ ለገላ አይደለችም። ሸሪፍ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣ። የሁለተኛውን መጽሐፍ መጀመሪያ ይዟል። ቆሞ አነበበልኝ።

ሰዎቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ይናገራሉ። ማንም አይከራከርም፣ ማንም አያኮርፍም፣ የማንም ጋቢ አይረጥብም። ሸሪፍ ግን ሲያነብ ደስ ብሎታል፤ ድምፁ ይሞላል። ሲጨርስ እንደ ተማሪ ዓይኔን ዓይኔን አየኝ።

«እንዴት ነው?»

«ቀጥል» አልኩት። ቀጥል ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ከሰል ላያይዝ ተነሣሁ። ረጥቦ ኖሮ ጭስ ብቻ ሆነ። ጋዝ አልቆብኛል። ሸሪፍ «ቆይ፣ ወረቀት አለኝ» ብሎ ከቦርሳው በሲባጎ የታሰረውን አወጣ።

«የእናትህ አይደለም?»

«ነው። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? የገበያ ወሬ ነው። መጀመሪያ አንቺም ገበያውን ብቻ ነበር የወደድሽው፤ ቆይተሽ ስታዪው ግን መጨረሻው በለጠብሽ። እኔም ሳስበው እውነትሽን ነው። ለዓመታት ወሬ ስለቅም ኖርኩ።»

ሲባጎውን በጥርሱ ፈታው። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ግን ያቺ ቃል ብትወጣ ሌላዋን ትጎትታለች፤ ሁለቱም ሲወጡ ደግሞ ሸሪፍ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይነሣል፣ ዳግመኛም በዚህ በር አይገባም። እናቱም ገና አሉ። ሲሻላቸው ደግመው ይነግሩታል።

አንዱን ገጽ ጠመዘዘና ከከሰሉ ሥር ሰካው። የጫፉን መስመር አነበብኩ፦ «ዝናብ የመታው ጨው ሸክሙ ይቀላል፣ ሐዘኑ ይከብዳል።» ወዲያው ጠቆረ። ሌላ ጠመዘዘ። ከዚያ ሌላ። ብዙ ስለነበር እኔም አቀበልኩት።

ከሰሉ ያዘ። ሸሪፍ እጁን እያሻሸ «ሞቀ» አለ። እኔም ወንበሬን ወደ ምድጃው አስጠጋሁ።